ብርድን የተማረ ጠማቂ፦ የያኮብ ክርስቲያን ያኮብሰን ሕይወት (1811–1887) እና ለምዕራብ ጎጃም የጠመቃ ጥናት ያለው ፋይዳ

አጽሕሮተ ጽሑፍ

ይህ አጭር ጽሑፍ የካርልስበርግ ቢራ ጠመቃ መሥራች የነበረውን የዴንማርካዊውን የያኮብ ክርስቲያን ያኮብሰንን ሕይወት ከአንድ ጥያቄ አንጻር ይመረምራል። ጥያቄውም በቤት ውስጥ ዕቃና በአየር ጠባይ ላይ ተመሥርቶ የኖረ የጠመቃ ሙያ በምን መንገድ ወደሚለካና ለሌላ ወደሚተላለፍ ዕውቀት ይለወጣል የሚል ነው። ያኮብሰን ላገር ቢራን በመጀመሪያ የሞከረው በእናቱ ቤት፣ በልብስ ማጠቢያ ድስት ነው። በኋላ እርሾን ከሙኒክ አመጣ፤ ብርድን ከመሬት ሥር ፈለገ፤ በመጨረሻም ቤተ ሙከራ አቋቁሞ ውጤቱን ለዓለም በነፃ አበረከተ። ጽሑፉ የሕይወት ታሪኩን ካቀረበ በኋላ በቡሬና በአካባቢዋ ያለውን የጠላ ጠመቃ ለማጥናት ሦስት ነጥቦችን ያመለክታል፦ የብርዱን ዓይነት መለየት፣ እርሾውን ማወቅና የዕውቀቱን ባለቤት አለመዘንጋት። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ተብለው ካልተለዩ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቁልፍ ቃላት፦ ላገር ቢራ፣ እርሾ፣ ጠላ፣ ካርልስበርግ፣ ቡሬ

1. መግቢያ

በምዕራብ ጎጃም ገጠር ጠላ የማይጠመቅበት በዓል፣ ማኅበርና ደቦ ማግኘት ያዳግታል። ሥራው የሴቶች ሙያ ነው። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል፤ ጌሾው ተወቅጦ ይጠነሰሳል፤ ብቅሉና አሻሮው ተጨምሮ ድፍድፉ ይዘጋጃል፤ ከዚያም ውሃ ተሞልቶ ጋኑ ይከደናል። ጠማቂዋ የመፍላቱን ደረጃ የምታውቀው በሽታው፣ በድምፁና በአረፋው ነው። ብርድ በሚጠናባቸው ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ድፍድፉ ዘግይቶ ስለሚነሣ ጋኑን ሙቀት ወዳለበት ማስጠጋት የተለመደ ነው። በዚህ ሙያ ውስጥ ብርድ እንቅፋት ነው።

ዛሬ በመላው ዓለም በብዛት የሚጠጣው የቢራ ዓይነት፣ ላገር፣ የተወለደው ግን ከብርድ ነው። በአገራችንም በ1915 ዓ.ም. የተቋቋመው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ፣ ከዚያም በኋላ የመጡት ፋብሪካዎች በዋናነት የሚያመርቱት ይህንኑ ዓይነት ነው። ስለዚህ የጠላ ጠማቂዋ የምትሸሸው ብርድ ለሌላው ጠማቂ እንዴት መሣሪያ ሊሆን እንደቻለ መጠየቅ ተገቢ ይሆናል። ለዚህ ጥያቄ ከያኮብሰን ሕይወት የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ቀላል አይደለም። ምክንያቱም እሱ መንገዱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ከቤት ድስት እስከ ቤተ ሙከራ፣ በአንድ ዕድሜ ውስጥ ተጉዞታል።

2. ላገር ብርድ የፈለገበት ምክንያት

የቢራ እርሾዎች በሁለት ትላልቅ ወገኖች ይመደባሉ። የመጀመሪያው ወገን ከ15 እስከ 22 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ ሙቀት በፍጥነት ይሠራል፤ በፍላቱ ጊዜም ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ሁለተኛው ወገን ከ8 እስከ 13 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ በዝግታ ይሠራል፤ ሥራውን ሲጨርስም ከዕቃው ግርጌ ይዘቅጣል። ይህ ሁለተኛው ወገን የሚያፈላው ቢራ ከዋናው ፍላት በኋላ ወደ ዜሮ ዲግሪ በተጠጋ ቅዝቃዜ ለሳምንታት ወይም ለወራት ይቀመጣል። ላገር የሚለው ስያሜም የተገኘው ማከማቸት የሚል ትርጉም ካለው የጀርመንኛ ቃል ነው።

የዚህ አሠራር መነሻ የባቫሪያ ምድር ነው። በዚያ በ1553 በወጣ ድንጋጌ ከቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል፣ ማለትም ከሚያዝያ 23፣ እስከ ቅዱስ ሚካኤል በዓል፣ ማለትም እስከ መስከረም 29፣ ቢራ መጥመቅ ተከልክሎ ነበር። በበጋ የሚጠመቀው ቢራ ቶሎ ስለሚበላሽ ጠመቃው በብርድ ወራት ብቻ እንዲከናወን ተደረገ። ጠማቂዎቹ ምክንያቱን ባያውቁትም፣ ለዘመናት በብርድ ብቻ መጥመቃቸው ብርድን የሚቋቋመውን እርሾ እየመረጠ አቆየላቸው። ይህ እርሾ ሳካሮማይሲስ ፓስቶሪያነስ የሚባል ሲሆን፣ የተለመደው የዳቦና የቢራ እርሾ ብርድ ከሚችል የዱር እርሾ ጋር ተዳቅሎ የተገኘ ነው። የዱሩ ወላጅ፣ ሳካሮማይሲስ ዩባያነስ፣ በሳይንስ ተለይቶ የታወቀው በ2011 በደቡብ አሜሪካ ፓታጎኒያ ነው።

እንግዲህ ላገር ሦስት ነገሮችን በአንድነት ይጠይቃል፦ ተገቢውን እርሾ፣ የማይቋረጥ ብርድንና ጊዜን። ያኮብሰን ሦስቱንም አንድ በአንድ፣ በየተራ ነው የተማረው።

3. የጠማቂው ልጅና የእናቱ ድስት

ያኮብ ክርስቲያን ያኮብሰን በመስከረም 2 ቀን 1811 በኮፐንሃገን ተወለደ። አባቱ ክሪስተን ያኮብሰን ከዩትላንድ ገበሬ ቤተሰብ የመጣ ሰው ሲሆን፣ በዋና ከተማዋ በንጉሡ ጠመቃ ቤት ተቀጥሮ ከሠራ በኋላ የራሱን ጠመቃ ቤት ያቋቋመ ነው። በጊዜው የኮፐንሃገን ጠማቂዎች የሚያመርቱት በሙቀት የሚፈላ፣ አልኮሉ ዝቅተኛ የሆነና ቶሎ የሚጠጣ ቢራ ነበር። አብዛኞቹ ሙቀትን የሚገምቱት እጃቸውን በመንከር ነው። አባት ያኮብሰን ግን በከተማዋ ቴርሞሜትርን ለጠመቃ ከተጠቀሙት ቀደምት ሰዎች አንዱ እንደነበር ይነገርለታል።

ልጁ ከፍተኛ ትምህርት ቤት አልገባም። ይሁን እንጂ ኤሌክትሪክና መግነጢስ ያላቸውን ግንኙነት በ1820 ያገኘው ሃንስ ክርስቲያን ኧርስቴድ ለሕዝብ የሚሰጣቸውን የተፈጥሮ ሳይንስ ትምህርቶች ይከታተል ነበር። ኧርስቴድ ሳይንስ ከዩኒቨርሲቲ ግቢ ወጥቶ ለነጋዴውና ለእጅ ባለሙያው እንዲደርስ የሚጥር ሰው ነበር። ወጣቱ ያኮብሰን ከእነዚህ ትምህርቶች ያገኘው ትልቁ ሀብት አንድ እምነት ነው፤ ይኸውም የጠመቃ ሥራ በዕድል የሚሆን ነገር ሳይሆን መንስኤው የሚታወቅና የሚለካ ሂደት ነው የሚለው እምነት ነው። ይህ እምነት በኋላ የሠራውን ሁሉ መርቶታል።

አባቱ በ1835 ሲሞት ያኮብሰን ገና 24 ዓመት አልሞላውም ነበር። ጠመቃ ቤቱን ተረከበ። በእነዚያው ዓመታት የባቫሪያ ላገር ዝና ወደ ሰሜን አውሮፓ እየደረሰ ነበርና ይህን ቢራ በኮፐንሃገን መሥራት ይቻል እንደሆነ ለማየት ተነሣ። የመጀመሪያ ሙከራዎቹን ያካሄደው በጠመቃ ቤቱ ትላልቅ ጋኖች አልነበረም፤ እናቱ ልብስ በሚያጥቡበት የመዳብ ድስት ነበር። በአነስተኛ መጠን የጠመቀውንም ቢራ ከቤት ሥር በሚገኝ ምድር ቤት አስቀመጠ።

የዚህ ሙከራ ጥቅም ግልጽ ነው። አነስተኛ ጥንስስ ቢበላሽ ኪሣራው ትንሽ ነው፤ የክረምቱ ብርድም ያለ ክፍያ የሚገኝ ነው። ሙከራው ተስፋ ሰጪ ቢሆንም የቤት አሠራር ወሰኑ የት እንደሆነ አሳየው። አንደኛ፣ በእጁ ያለው እርሾ ለብርድ የተሠራ አልነበረም። ሁለተኛ፣ በመኖሪያ ቤት ሥር ያለ ምድር ቤት በውጭው አየር ለውጥ ይነካል፤ ቢራውም ሊበስል ወራት በሚፈልግበት ጊዜ ጸደይ ይደርስበታል። ስለዚህ ያኮብሰን ፊቱን ወደ ሁለት ነገሮች፣ ወደ እርሾውና ወደ ቅዝቃዜው፣ አዞረ።

4. ከሙኒክ የተጓዘው እርሾ

በዚያን ዘመን የላገር ዕውቀት ማዕከል በሙኒክ የሚገኘው የሽፓተን ጠመቃ ቤት ሲሆን፣ መሪው ገብርኤል ዜድልማየር ነበር። ዜድልማየር ራሱ በወጣትነቱ በ1833 ከቪየናው ጠማቂ ከአንቶን ድሬር ጋር በብሪታንያ ተዘዋውሮ፣ የጠመቃ ናሙናዎችን ውስጡ ባዶ በሆነ ምርኩዝ በስውር እየቀዳ መርምሮ ነበር። በጎረቤት ጠማቂ ዕቃ ውስጥ ያለውን ለማወቅ መደበቅ ግድ በነበረበት ዘመን ያኮብሰንን በግልጽ ተቀብሎ ማስተናገዱና ማስተማሩ ልብ ሊባል ይገባል።

በ1845 ያኮብሰን ከሙኒክ ሲመለስ ከዜድልማየር ያገኘውን እርሾ ይዞ ነበር። ጉዞው በፈረስ ሠረገላ ብዙ ቀናት የሚወስድ ነው። እርሾ ደግሞ ሕያው ፍጥረት በመሆኑ ሲሞቅ ይዳከማል፤ ይሞታልም። ስለዚህ ዕቃውን በባርኔጣ ማስቀመጫ ውስጥ ሸሽጎ፣ ሠረገላው በቆመበት ሁሉ ቀዝቃዛ ውሃ እያፈሰሰበት ወደ አገሩ እንዳደረሰው የካርልስበርግ ታሪክ ጸሓፊዎች ይተርካሉ።

ቀሪው ችግር ብርዱ ነበር። ኮፐንሃገን በዚያ ጊዜ በምሽግ ግንብ የተከበበች ከተማ ነበረች። ያኮብሰን ከግንቡ ሥር የሚገኙትን ጨለማና ቀዝቃዛ ክፍሎች ለቢራ ማቆያነት እንዲጠቀም ፈቃድ አገኘ። በሙኒክ እርሾ የፈላው ቢራ በእነዚያ ክፍሎች ውስጥ በስሎ ሲወጣ የከተማዋ ሰው ወደደው። በእናት ድስት የተጀመረው ሙከራ በዚህ ተረጋገጠ።

የምሽጉ ክፍል ለምን ከቤቱ ምድር ቤት እንደተሻለ በዛሬው ዕውቀት ማስረዳት ይቻላል። አፈር ሙቀትን በዝግታ ስለሚያስተላልፍ፣ የአየሩ የቀንና የሌሊት ልዩነት ከጥቂት አሥር ሴንቲ ሜትሮች በታች ይጠፋል። የክረምትና የበጋው ልዩነትም ወደ ጥልቀት በተወረደ ቁጥር ይደበዝዛል። በበርካታ ሜትር ጥልቀት የሚገኘው ሙቀት ከአካባቢው አማካይ ዓመታዊ ሙቀት ጋር ይቀራረባል። የኮፐንሃገን ዓመታዊ አማካይ ከ8 እስከ 9 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህ ለላገር ፍላት ከሚያስፈልገው መጠን ጋር የሚገጥም ነው። ወፍራም አፈርና ግንብ ለያኮብሰን የሰጡት ብርድን ብቻ አልነበረም፤ የማይዋዥቅ ብርድን ነው።

5. የካርል ኮረብታ

የከተማው ቅጥር ግን ለስፋት አይመችም፤ ውሃውም ጥሩ አልነበረም። ያኮብሰን ከከተማዋ ውጭ በቫልቢ ኮረብታ ላይ ቦታ ገዛ። ኮረብታው ሦስት ጥቅሞች ነበሩት፦ ንጹሕ ውሃ፣ ጥልቅ መጋዘን ለመቆፈር የሚያመች ምድርና በ1847 ከኮፐንሃገን ወደ ሮስኪልደ በተከፈተው የባቡር መስመር አጠገብ መገኘቱ። በዚያው ዓመት በኅዳር 10 ቀን የመጀመሪያው ጥንስስ ተጠመቀ። ለድርጅቱም በ1842 የተወለደውን ልጁን የካርልን ስም ሰጠው፤ ካርልስበርግ ማለት የካርል ኮረብታ ማለት ነው።

ድርጅቱ በፍጥነት አደገ። በ1867 ቃጠሎ ጠመቃ ቤቱን ቢያወድመውም እንደገና ተሠራ። በዚህ ዘመን ሁሉ የላገር ጠማቂዎች ኑሮ በክረምቱ ጽናት ላይ የተመሠረተ ነበር። ከሐይቆች ላይ በክረምት የሚቆረጠው በረዶ በመጋዘን ተከማችቶ እስከ በጋ ያገለግል ነበር፤ ክረምቱ ከለዘበ ግን በረዶ ይጠፋል፤ ቢራውም አደጋ ላይ ይወድቃል። ይህን ጥገኝነት የቆረጠው የጀርመኑ መሐንዲስ ካርል ፎን ሊንደ ነው። በ1870ዎቹ ያሠራው የማቀዝቀዣ ማሽን በመጀመሪያ ከተሞከረባቸው ቦታዎች አንዱ ያው የዜድልማየር ሽፓተን ነበር። ከዚያ በኋላ ላገር የትም አገር፣ በማንኛውም ወቅት ሊጠመቅ ቻለ። አዲስ አበባም ሆነ ጎንደር የዚህ ለውጥ ተጠቃሚ ናቸው።

6. ቤተ ሙከራውና የስጦታው ሕግ

ያኮብሰን በሀብት ከታወቀ በኋላ የወሰደው እርምጃ ከሌሎች ባለ ፋብሪካዎች ይለየዋል። በ1875 የካርልስበርግን ቤተ ሙከራ አቋቋመ። በቀጣዩ ዓመት የካርልስበርግ ፋውንዴሽንን መሥርቶ ቤተ ሙከራውን እንዲያስተዳድርና ሳይንስን እንዲደግፍ ሥልጣን ሰጠው። የፋውንዴሽኑን መሪዎች የሚመርጠው የዴንማርክ የሳይንስ አካዳሚ እንዲሆን መደንገጉ የተቋሙን ነፃነት አጸና። በቤተ ሙከራው የሚገኝ ለንድፈ ሐሳብም ሆነ ለተግባር ጠቃሚ የሆነ ውጤት በምስጢር እንዳይያዝ ደነገገ። ተወዳዳሪዎቹ ከውጤቱ እንደሚጠቀሙ ያውቅ ነበር፤ እንዲሁ እንዲሆንም ፈልጓል።

የዚህ ሕግ ፍሬ በ1883 በሁለት መልክ ታየ። የኬሚስትሪ ክፍሉ ኃላፊ ዮሃን ኬልዳል በእህል ውስጥ ያለን የናይትሮጅን መጠን የሚለካበትን ዘዴ ይፋ አደረገ። ዓላማው በጠመቃ ገብስ ውስጥ ያለውን ፕሮቲን ማወቅ ነበር፤ ዛሬ ግን የጤፍን፣ የሽንብራንና የእንስሳት መኖን ፕሮቲን የሚለካ የአገራችን የምግብ ሳይንስ ተማሪ ሁሉ በስሙ በሚጠራው ዘዴ ይጠቀማል። በዚሁ ዓመት የፊዚዮሎጂ ክፍሉ ኃላፊ ኤሚል ክርስቲያን ሀንሰን ከአንዲት የእርሾ ሕዋስ ብቻ የተባዛ ንጹሕ እርሾ ለጠመቃ አደረሰ።

የሀንሰን ሥራ መነሻ ችግር ነበር። የካርልስበርግ ቢራ ጣዕሙ ተበላሽቶ ነበር። ሉዊ ፓስተር በ1876 ባሳተመው የቢራ ጥናቱ የብልሽቱ ምክንያት ባክቴሪያ መሆኑን አስተምሮ ነበር። ያኮብሰንም ፓስተርን እጅግ ከማክበሩ የተነሣ የእብነ በረድ ምስሉን ለቤተ ሙከራው አሠርቷል። ሀንሰን ግን ችግሩ የሚመጣው ከባክቴሪያ ብቻ እንዳልሆነ፣ የዱር እርሾዎችም ከመልካሙ እርሾ ጋር ተቀላቅለው ቢራውን እንደሚያበላሹ አሳየ። ከሙኒክ በባርኔጣ ማስቀመጫ የመጣው እርሾ የብዙ ዘር ድብልቅ ሆኖ ተገኘ። ሀንሰን መልካሙን ዘር ከመጥፎው ለየ። ያኮብሰንም ንጹሑን እርሾ ለጠየቁ ጠማቂዎች በነፃ እንዲሰጥ አደረገ። በ1845 በስጦታ የተቀበለውን፣ ከ38 ዓመት በኋላ ንጹሕ አድርጎ በስጦታ መለሰው ማለት ነው።

ቤተ ሙከራው ከመሥራቹ ሞት በኋላም ቀጠለ። በ1909 ሶረን ሶረንሰን የአሲድነት መለኪያ የሆነውን የፒኤች ሚዛን ያቀረበው በዚሁ ቤት ሆኖ ነው።

7. አባትና ልጅ

ይህ ለዓለም እጁን የዘረጋ ሰው በቤቱ ውስጥ እጁ እንዲህ የተዘረጋ አልነበረም። ካርልን በልጅነቱ በጥብቅ ሥነ ሥርዓት አሳደገው፤ ሲያድግም ለዓመታት በውጭ አገር ጠመቃ ቤቶች እንዲማር ላከው። ሲመለስ በኮረብታው ላይ አዲስ ጠመቃ ቤት አሠርቶ በኪራይ ሰጠው። ጠቡ የተነሣው ከዚህ በኋላ ነው።

የጠቡ ዋና ምክንያት ጊዜ ነበር። አባት ቢራው በብርድ የሚቀመጥበት ዘመን እንዳያጥር፣ የምርቱም መጠን ከዚያ እንዳይበልጥ ይፈልጋል። ልጅ ገበያው የሚጠይቀውን ያህል ለማምረት የማቆያውን ጊዜ ያሳጥራል። ለአባት ይህ የጥራት ክህደት ነበር፤ ለልጅ ደግሞ የዘመኑ ግዴታ። ግጭቱ ተባብሶ አባት ልጁን ከተከራየው ጠመቃ ቤት እንዲወጣ አደረገው። ካርል በአጠገቡ የራሱን ጠመቃ ቤት ሠርቶ በ1882 ኒው ካርልስበርግ በሚል ስም ከፈተ። በሁለቱ ጠመቃ ቤቶች መካከል ያለፈውን መንገድ እንኳ በአንድ ስም መጥራት አቅቷቸው፣ አንዱ በፓስተር ስም ሌላው አሊያንስ ብሎ ሰይሞት የስም ሰሌዳው ሲተከልና ሲነቀል እንደነበር ይተረካል።

ያኮብሰን በ1882 ባደረገው ኑዛዜ ጠመቃ ቤቱን ለልጁ ሳይሆን ለፋውንዴሽኑ አወረሰ። ለዓለም ሳይንስ የተደረገው ትልቁ ስጦታ ከአንድ ቤተሰብ ስብራት ጋር ተያይዞ መምጣቱን የሕይወት ታሪኩ ጸሓፊ ሊያልፈው አይገባም። አባትና ልጅ በ1886 ታረቁ። ያኮብሰን በሚያዝያ 30 ቀን 1887 በሮም ከተማ አረፈ። ካርልም በፊናው በ1902 የራሱን ጠመቃ ቤት ለዚያው ለአባቱ ፋውንዴሽን ሰጠ፤ ሁለቱ ጠመቃ ቤቶችም በ1906 በአንድ አስተዳደር ሥር ሆኑ። የቢራን ብስለት ለወራት የሚታገሥ ጠማቂ የልጁን ሐሳብ ብስለት ሊታገሥ አልቻለም ነበር፤ እርቁ ሲመጣም የቀረው ዕድሜ አንድ ዓመት ያህል ብቻ ሆነ።

8. ለምዕራብ ጎጃም የጠመቃ ጥናት የሚሰጠው ትምህርት

የመጀመሪያው ትምህርት የብርድን ዓይነት ይመለከታል። የደጋችን ብርድ የሌሊት ብርድ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት አመዳይ የጣለበት ምድር ቀትር ላይ ይሞቃል። በሐሩር ክልል ከፍታዎች የአንድ ቀን የሙቀት ልዩነት ከወራት አማካይ ልዩነት ይበልጣል፤ በኮፐንሃገን ግን ብርዱ ለወራት ይዘልቃል። ስለዚህ ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ቡሬ በሌሊት ብርድ ብቻ ላገርን ማብሰል አይቻልም። ጉድጓድ መቆፈርም አይበቃም፤ ጉድጓዱ የሚሰጠው ዓመታዊውን አማካይ ነው፤ የቡሬ አማካይ ደግሞ ከ15 ዲግሪ በላይ ነው። ይህ ለጠላ እርሾ የሚስማማ፣ ለላገር እርሾ ግን የሚበዛ ሙቀት ነው። ሙቀት በየ100 ሜትሩ ከፍታ ወደ 0.6 ዲግሪ ገደማ እንደሚቀንስ ብናሰላ፣ 3,500 ሜትር በሚደርሱት የጮቄ ተራራ ወገቦች አማካዩ ከቡሬ በ8 ወይም በ9 ዲግሪ ያህል ዝቅ ይላል። ያለ ማሽን ቀዝቃዛ ማቆያ ለመሥራት የሚያስብ ተመራማሪ ስሌቱን መጀመር ያለበት ከዚህ ነው። ይህ ለቢራ ብቻ አይደለም፤ ለድንች ዘር ማቆያና ለወተት ተዋጽኦም ያገለግላል።

ሁለተኛው ትምህርት እርሾን ይመለከታል። ጠላ የሚፈላው በአንድ ዓይነት እርሾ ሳይሆን በእርሾዎችና በላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ማኅበር ነው። ጎምዛዛነቱና መዓዛው ከዚህ ማኅበር የሚመነጭ በመሆኑ የሀንሰንን መንገድ እንዳለ መገልበጥ ጠላን ጠላ የሚያደርገውን ሊያጠፋ ይችላል። የሚበጀው በየቤቱ ያሉትን ጥንስሶች ናሙና ወስዶ አባላቱን መለየት፣ የትኞቹ በአንድነት መልካም ጣዕም እንደሚሰጡ መመርመር፣ የጌሾውንና የወይራ ጢሱንም ድርሻ መለካት ነው። በቡሬ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ በተቋቋመበት አካባቢ የቤት ጠመቃን ወደ አነስተኛ ኢንዱስትሪ ለማሳደግ የሚነሣ ሐሳብ ሁሉ ይህን መሠረታዊ ጥናት ማስቀደም አለበት።

ሦስተኛው ትምህርት ባለቤትነትን ይመለከታል። ያኮብሰን እርሾውን ያገኘው ፈቅዶ ከሰጠው ሰው ነው፤ የዜድልማየርም ስም ከታሪኩ ጋር እስከ ዛሬ ይነሣል። የእናቱ ድስት ተጠቅሶ የእናቱ ሙያ ግን እምብዛም አይተረክም። በእኛም ዘንድ ከጠላ ጋን ናሙና የሚቀዳ ተመራማሪ የሚወስደው ሴቶች በትውልድ ቅብብል መርጠው ያቆዩትን ሀብት ነው። ስለ ጄኔቲክ ሀብትና ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀት የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 እንዲህ ያለው ሀብት የማኅበረሰቡን መብት ጠብቆ እንዲወሰድ ያዝዛል። ናሙና ከመቅዳት በፊት ፈቃድ መጠየቅ፣ ውጤቱን በሚገባቸው ቋንቋ ለጠማቂዎቹ መመለስና በሚታተመው ሥራ ላይ የሙያውን ምንጭ መመስከር የምርምሩ አካል ሊሆን ይገባል።

9. መደምደሚያ

ያኮብሰን ላገርን አልፈለሰፈም፤ እርሾውንም አልፈጠረም፤ ማቀዝቀዣ ማሽንም አልሠራም። ያደረገው በቤት ድስት የተሞከረን ነገር ደረጃ በደረጃ መለካት፣ የጎደለውን ለይቶ መፈለግና የተገኘውን ለሌሎች መክፈት ነው። የክረምት ብርድ ጥገኛ ሆኖ ጀምሮ፣ ብርድን በቴርሞሜትር፣ በጥልቀትና በጊዜ የሚገልጽ ዕውቀት ጥሎ አለፈ። የዚህ ዕውቀት ዋጋ ከቢራው ገበያ አልፎ በእያንዳንዱ ቤተ ሙከራ ውስጥ በኬልዳል ዘዴና በፒኤች ሚዛን ይታያል።

የምዕራብ ጎጃም ጠላ ገና ያልተለካ ሙያ ነው። ጋኑ፣ ጌሾውና ብቅሉ አሉ፤ ሙያውን በእጃቸው የያዙ ሴቶችም አሉ። የሚቀረው ሙቀቱን የሚመዘግብ፣ እርሾውን የሚለይና ያገኘውን ለባለቤቶቹ የሚመልስ ጥናት ነው። ሥራው ብዙ ወጪ ከመጠየቁ በፊት በአንድ ቴርሞሜትር፣ በአንድ የፒኤች መለኪያና በፈቃደኛ ጠማቂ ቤት ሊጀመር ይችላል።